ስለ አሮጌ የጦር መርከቦች ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደብረ ብርሃን

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ያንን የሚያህል መርከብ በእርጅና ብቻ ይሰጥማል?» ብለው የጠየቁኝን በወጉ ሳልመልስልዎ መስመሩ ስለተቋረጠ፣ ምጽዋ በባሕር ኃይል ላገለገሉ ለእርስዎ በጽሑፍ ማስረዳቱን መረጥሁ።

የሩሲያው ሞስክቫ በ1971 ዓ.ም. ውኃ ላይ የወረደ፣ 186 ሜትር የሚረዝም፣ 16 ትልልቅ ሚሳኤሎችን በግራና በቀኝ ጎኑ ደርድሮ የሚጓዝ ክሩዘር የሚባል ትልቅ የጦር መርከብ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ጥቁር ባሕር ውስጥ ሲሰጥም ዩክሬን «በሁለት ኔፕቱን ሚሳኤሎች መታሁት» አለች፤ ሩሲያ ግን በቃጠሎ ጥይቱ ፈንድቶበት፣ ወደ ወደብ ሲጎተት ማዕበል አሰጠመው ትላለች። እኔ የዩክሬንን ቃል እቀበላለሁ። ኔፕቱን የውኃውን ገጽ ታክኮ ስለሚበር የመርከቡ ራዳር ሊያየው የሚችለው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ራዳሩ፣ ተኳሹና እሳት አጥፊው እኩል ካልነቁ የመርከቡ ግዝፈት አያድነውም።

እዚህ ሃምቡርግ በምሠራበት የጥገና ግቢ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ መርከብ ስንከፍት ላሜራው ጠንካራ ሆኖ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ልባስ ግን በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ የእሳት መከላከያ በሮቹም ላስቲካቸው ደርቆ አይገጥሙም። እኔ እርጅና የምለው ይህንን ነው። የአሜሪካው የጦር መርከብ ካርኒ በ1988 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረ ቢሆንም፣ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. እርስዎ በሚያውቁት በቀይ ባሕር ላይ ከየመን የተተኮሱ ሚሳኤሎችንና ድሮኖችን መትቶ ጥሏል።

አጎቴ ከመሐል ሜዳ «ከእንግዲህ ትልቅ መርከብ ከንቱ ነው» ማለታቸውን ነግረውኛል። አልስማማም፤ ሆኖም ጭንቀታቸው መሠረት የለውም አልልም። ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢቫኖቬትስ የተባለውን የሩሲያ የሚሳኤል መርከብ ያሰጠሙት አንድም ሰው ያልተሳፈረባቸው፣ በካሜራ ከሩቅ የሚመሩ፣ ፈንጂ የተጫኑ ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው፤ እየተከታተሉ ጎኑን መቱት። የካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ያጠቃው በፈጣን ጀልባዎችም ጭምር ስለነበር ነገሩ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም፤ የተለወጠው ቢኖር አጥቂው ሕይወቱን ይዞ አለመምጣቱ ነው።

አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠርታ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የሰጠችን «ኢትዮጵያ» መርከብ ወደብ ላይ ስታድር፣ ሌሊት ጀልባ እንዳይጠጋት ባሕረኞቹ ምን ያደርጉ እንደነበር በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። እናቴንና አጎቴን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ፣ ከሃምቡርግ