የመመረቂያ ሥራችንን በስልክ ስለመከፋፈል

ሰላም ልጆች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ሥራ ከእንግዲህ በማይክሮሶፍት ቱ ዱ (የሥራ ዝርዝር መያዣ አፕ ነው) እንከፋፈላለን። በቴሌግራም የተባባልነው ሁሉ ከላይ ተቀብሮ እየቀረ ነው።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኝ። አፑን ጭናችሁ፣ አካውንት ከፍታችሁ ኑ፤ ነፃ ነው። የጋራ ዝርዝሩን ሊንክ እዚሁ እልካለሁ።

ሥራ ስትጽፉ «ምዕራፍ 2» ብቻ አትበሉ። «የምዕራፍ 2 መጠይቅ ማባዛት» ብላችሁ የሚሠራውን ሰው መድቡ። የማስታወሻ ደወል ስትሞሉም ሰዓቱን ልብ በሉ፦ የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ስልኩ ላይ 2:00 ፒኤም ነው። 8:00 ኤኤም ካላችሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጮህባችኋል። ያለቀውን ሥራ ከጎኑ ያለችውን ክብ ነክታችሁ ዝጉ እንጂ አትሰርዙ፤ ማን ምን እንደሠራ ይታይ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» በሉ። ቅዳሜ የማይመቸው ሌላ ቀን ይጠቁም።