ከአዲስ አበባ የማይወጡት ድራማዎች

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጅማ ላይ የክረምቱ ዝናብ ከቤት ስለማያስወጣ፣ መብራት ካልጠፋ በቀር የቤተሰባችን ምሽት በቴሌቪዥን ፊት ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው ቃና ያስለመደን፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች ዘንድሮም አልተለዩንም። የድምፅ ተዋንያኑ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ሆኖም በአገሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ክፍል ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ወደ 45 ደቂቃ ስለሚቆራረጥ፣ ታሪኩ ያለቦታው ይቋረጣል። እናቴ ግን በዚህ ቅር ተሰኝተው አያውቁም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአገር ውስጡ ነው። በዚህ ክረምት የተከታተልኳቸው ድራማዎች ንግግራቸው ለዛ ያለው፣ ትወናቸውም የማይታማ ሆኖ ሳለ፣ ታሪካቸው ከአዲስ አበባ ቪላና ከውርስ ክርክር ፈቀቅ አይልም። ቡና አቅራቢው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ በጅማው ገበያ በሂርማታ መርካቶ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለች ዋጋ የምትከራከረው ነጋዴ በውስጣቸው የሉም፤ የክፍለ ሀገር ሰው ብቅ ካለም ወይ የሚያስቅ አጎት ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኛ። ጣቢያዎቹ ለመጪው ዓመት አንዱን ድራማ እንኳ እዚሁ ጅማ፣ በአካባቢው ተዋንያን እንዲያስቀርጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ተመልካች፣ ከጅማ