ተክሎቹንም አንሡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ጂን ዝምታ፣ ማለትም ሕዋስ የአንድን ጂን ሥራ ስለሚያስቆምበት መንገድ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሆኖም ይህ የተጠናባትንና እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል ሽልማት ያስገኘችውን ትል ብቻ አንሥታችሁ ተክሎቹን ዘለላችኋቸው። የማረቆ በርበሬ ገበሬ ልጅ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እ.ኤ.አ. በ1928 ዊንጋርድ የተባለ ተመራማሪ በቫይረስ የታመመ ትምባሆ የታችኛው ቅጠሉ በቀለበት ቁስል ተሸፍኖ ሳለ፣ ከላይ ንጹሕ ቅጠል ሲያወጣ አየ። ሃሚልተንና ባውልኮምብ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር 25 ፊደል ያህል ርዝመት ያላቸውን የአርኤንኤ (የጂንን መልእክት የሚሸከም፣ «ፊደል» በሚባሉ ክፍሎች የተሠራ ሞለኪውል) ቁርጥራጮች በተክል ውስጥ አገኙ። ተክሉ የቫይረሱን አርኤንኤ ይከትፋል፤ ቁርጥራጮቹንም እንደ መታወቂያ ይዞ መሰሉን እያደነ ይቆርጣል። ቫይረሱም አይተኛም፣ ይህን መከላከያ የሚያፍን ፕሮቲን ይሠራል።

በእናቴ ማሳ የሚያሸንፈው ቫይረሱ ነው። ባለፈው ክረምት የቀጠፍኩት ቅጠል ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ፣ ጠርዙ ተጨማዶ ነበር። እናቴ ሦስት ጊዜ የሻጋታ መድኃኒት ረጭታበታለች። የታመመን ተክል ከቫይረስ የሚፈውስ ርጭት እንደሌለ ማንም አልነገራትም።

እባካችሁ ይህንን በግብርና ዓምዳችሁ ጻፉት፤ የዘንድሮው ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከቡታጅራ