የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት አባላት መዝግቦ፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጦ፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በፊዚክስ ላብራቶሪ መሰብሰብ ጀመረ። በመጀመሪያው መንፈቅ የብየዳ ልምምድና የትራንዚስተር ትምህርት ተሰጠ። በፈተና ሰሞን አባላት መመናመናቸው አልቀረም።

የዓመቱ ዋና ሥራችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ላለው ጓሮ የሠራነው፣ አፈሩ ሲደርቅ በራሱ የሚያጠጣ ማሽን ነው። «ለአንዲት ፓምፕ ዓመት ሙሉ?» ያሉን ባልደረቦች ስላሉ ነገሩን ላስረዳ። ፓምፗ ከአሮጌ መኪና የመስታወት ማጠቢያ የተፈታች ባለ 12 ቮልት ዲናሞ ናት፤ አርዱዪኖው (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ) በሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያስነሳታል። ማስነሳቱ አላስቸገረም። ሪሌዩ ቀጭ ብሎ ሲያጠፋት ግን ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ምልክት ይዘረገፋል፤ አርዱዪኖውም ጠፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ልጆቹ ኮዱን ደጋግመው ጻፉት። ኮዱ ጤነኛ ነበር።

እንዲህ ያለውን የኤሌክትሪክ ረብሻ በዓይን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው። በየዓመቱ እንጠይቃለን፤ እስካሁን አልተገዛልንም።

ስለዚህ ማሽኑን በካርቶን ይዘን መርካቶ አንድ አንጋፋ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ብዙም ሳይናገሩ ትንሽ ሬዲዮ ከፍተው፣ ሚዲየም ዌቭ ላይ ጣቢያ ከሌለበት አቁመው፣ ከፓምፗ አጠገብ አስቀመጡት። ፓምፗ ስትዞር ሬዲዮው ይንጫጫል፤ ሪሌዩ ሲያጠፋት «ጧ!» ይላል። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ጠጋ አለችና «ጋሼ፣ ሬዲዮው የሰማውን የኛም ማሽን ይሰማዋል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አዎ ልጄ፣ የሚያስደነግጠው እሱ ነው» አሏት። በማስተማር ዘመኔ ኢንዳክታንስ (ጥቅል ሽቦ የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርዩ) እንዲህ ጥርት ብሎ ለተማሪ ሲገባ አላየሁም፤ ዕንባዬ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲናሞው ጥቅል ሽቦ የሚያልፈው ከረንት በድንገት ሲቆረጥ፣ ጥቅሉ ውስጥ ያለው የማግኔት ኃይል መሄጃ ያጣና ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። በሪሌዩ መገናኛዎች መካከል ብልጭታ ይዘላል፤ ረብሻውም በሽቦም በአየርም ይዛመታል። ሪሌዩ ላይ ተገጥሞ የመጣው ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የሚከላከለው የሪሌዩን የራሱን ጥቅል እንጂ ፓምፗን አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው መለኪያችን ሆነ። ፓምፗ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለምትዞር 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ነጩን መስመር ወደ ፖዘቲቭ አድርገን፣ የተቆረጠው ከረንት መሄጃ እንዲያገኝ ገጠምንላት። «104» የተጻፈበትን የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ረብሻውን እንዲውጥ፣ ያችው ተማሪ በፓምፗ የሽቦ ማያያዣ እግሮች ላይ በየደችው። ርቆ ቢበየድ መሀል ያለው ሽቦ ራሱ አንቴና ይሆናልና። የፓምፗን ሁለት ሽቦዎች ገመድን፤ ከአፈር መለኪያው ሽቦ አራቅናቸው፤ የኃይል ምንጩንም ለየብቻ አደረግን። በእያንዳንዱ እርምጃ የሬዲዮው ጫጫታ እየቀነሰ ሄደ። ለሚዞረው የዲናሞ ክፍል ከረንት የሚያቀብሉት ብሩሾች በሬዲዮው የሚያሰሙት ጥቂት ድምፅ አሁንም አለ፤ አርዱዪኖው ግን መደንገጡን ትቷል። በመሀል ውኃ ፈስሶ አንድ ቦርድ ተቃጥሎብናል፤ መተኪያውን የገዙት ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው። ይህን የበጀት ኮሚቴው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

ለመጪው ዓመት አንድ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕና ሁለት የብየዳ ካውያ ያስፈልገናል። ወላጆች ቤታችሁ የተበላሸ ሬዲዮ፣ ቴፕ ወይም ቻርጀር ካለ አትጣሉት፤ በልጆቻችሁ እጅ ወደ ፊዚክስ ላብራቶሪ ላኩልን።