አባዬ፣ ልጁን ከክፍል አላስወጣውም

ፔንሲልቬኒያ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርዱ እንደሚያስቸግርዎት ስለማውቅ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም በጣም ደህና ናቸው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያሉኝን ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ። «ልጁን ሰው ከዝንጀሮ መጣ እያሉ ያስተምሩታል አሉ። አንቺ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ነበር ያሉኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳንጨርስ ቀረን። ደግሞም በስልክ ጥድፊያ የሚመለስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጻፍልዎት ብዬ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ቀስ እያለ ያንብብልዎት።

የነገረዎት ሰው አልዋሸም። የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ በባዮሎጂ ዝግመተ ለውጥ የሚባለውን፣ ሕይወት ያለው ነገር በየትውልዱ ቀስ በቀስ ይለወጣል የሚለውን ምዕራፍ ሊጀምሩ ነው። በዚህ ግዛት ደንብ ወላጅ «ይህ ትምህርት ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል» ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ልጁን ከዚያ ትምህርት ማስወጣት ይችላል። ከቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ አንዳንድ ወላጆች ሊጽፉ ነው። እኔንም «አብረን እንጻፍ» ብለውኛል።

እኔ ግን አልጽፍም፣ አባዬ። ይህን ስል እርስዎ ያስተማሩኝን ጥዬ፣ ወይም ሰው አገር ሆኜ ልቤ ስለቀዘቀዘ አይደለም። ምክንያቴን ልንገርዎት።

መጀመሪያ የዝንጀሮውን ነገር እናንሳ። የልጁን መጽሐፍ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ የሚል ነገር የለበትም። የሚለው፣ ሰውና ቺምፓንዚ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት አንድ የጋራ የዘር ግንድ ነበራቸው፤ ከዚያ ተለያይተው በየፊናቸው ሄዱ ነው። የስሜን ተራራ ጭላዳ የሰው አያት ነው ያለ አስተማሪ የለም። ይህም ቢሆን እንደማይዋጥልዎት አውቃለሁ። ግን ከተቆጣንም የምንቆጣው በተባለው ነገር ይሁን።

እርስዎ ራስዎ በዓይንዎ ያዩት ነገርም አለ። ልጆች እያለን የወባ መድኃኒት ማለት ያ መራራ ክሎሮኪን ነበር። ወደ መተማ ለሥራ ወርደው የታመሙ የመንደራችን ልጆች እሱን ውጠው ይነሡ ነበር። በኋላ መድኃኒቱ እምቢ አለ። ፋልሲፓረም ለሚባለው ገዳይ የወባ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ። እሱም አልበረከተም፤ በ2004 ኮአርተም መጣ። ክኒኑ ያው ክኒን ነው። የተለወጠው ተውሳኩ ነው። ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ተውሳኮች መሐል ጥቂቶቹ መድኃኒቱን ወደ ውጭ መልሰው የሚገፉበት መላ ነበራቸው። ሌላው ሲያልቅ እነሱ ተረፉ፣ ተባዙ፣ አገሩን ሞሉት። ልጁ በክፍል የሚማረው የነገሩ ሥር ይኸው ነው። ሐኪም እሆናለሁ ይላል፤ ይህንን ምዕራፍ ዘሎ ምን ዓይነት ሐኪም ይሆናል?

ከዝንጀሮውም ይልቅ እርስዎን የሚያስቆጣዎት ግን ዕድሜው ይመስለኛል። ድንቅነሽ አፋር ሐዳር ላይ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ስትገኝ እርስዎ ጎልማሳ ነበሩ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ይላሉ ሳይንቲስቶቹ። እርስዎ ደግሞ መስከረም አንድ ቀን ጠዋት ምእመናኑ ፊት ቆመው የሚያውጁት ቁጥር አለ። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምራሉ፤ ለአራት ያካፍላሉ፤ በቀሪው ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ይነግሩናል። ዘንድሮ 7518 ነው፤ ሁለት ቀሪ፣ ዘመነ ማርቆስ። ይህን ሒሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔም ለልጆቼ አስተምሬያቸዋለሁ።

የድንቅነሽን ዕድሜ ግን ሰዎቹ አጥንት አይተው በግምት አላወጡትም። ከአጥንቱ በላይና በታች ባለው አፈር ውስጥ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ አለ። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ከእሱ አንዱ ዓይነት በታወቀ ፍጥነት፣ ሳይቸኩልና ሳይዘገይ፣ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የቀድሞው ጋዝ በሙቀቱ ይወጣል። አዲሱ መጠራቀም የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የተጠራቀመውን ለክተው ዓመቱን ያሰላሉ። ይህን ያህል ጠንቃቃ ሥራ ነው። ሠራተኞቹም የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ሰላም የተባለችውን የዲኪካዋን ሕፃን ያገኘው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የኛው ልጅ ነው።

ታዲያ የአባቶች ቁጥር ውሸት ነው ልል ነው? አልልም። ባሕረ ሐሳብ ጾሙ መቼ ይገባል፣ ትንሣኤ መቼ ይውላል ለሚለው ነው የተሠራው። ለዚያም ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። የድንጋይ ዕድሜ ይለካበት ብሎ የሠራው የለም። እርስዎም አንዲት የመጽሐፍ ቃል ሲፈቱ በአንድ ፍቺ አያቆሙም፤ «አንድም» እያሉ ሦስትም አራትም ትርጓሜ ያመጣሉ። እንዲህ ያለ ሰፊ ትምህርት ያላት ቤተ ክርስቲያን በአንድ የባዮሎጂ ምዕራፍ ትናወጣለች ብዬ አልፈራም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ቢያንስ ሁለቱንም ያስተምሩ፤ የእግዚአብሔርንም ፍጥረት ይንገሯቸው» ብለዋል። ሲሰሙት በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ብዙ ያሰብኩት በዚህ ላይ ነው።

በዚህ አገር ጠቡ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1925 ቴኔሲ ውስጥ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጆን ስኮፕስ የሚባል አስተማሪ ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ ተከሰሰና 100 ዶላር ተፈረደበት። ቅጣቱ በኋላ ተሽሯል። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርቱን መከልከል አይቻልም አለ። በ1987 ደግሞ እርስዎ ያሉትን «ሁለቱንም» የሚል የሉዊዚያና ሕግ መጥቶለት፣ እሱንም ሻረው። ሕጉ ዓላማው ሃይማኖት ማስተማር ነው፤ መንግሥት ደግሞ በትምህርት ቤቱ ሃይማኖት አይሰብክም አለ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው እዚሁ እኛ ግዛት ነው። ዶቨር የምትባል የገጠር ከተማ አለች። በ2004 የአካባቢው ትምህርት ቦርድ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ አጭር ጽሑፍ ይነበብላቸው ብሎ ወሰነ። የዳርዊን ትምህርት፣ ማለት ዝግመተ ለውጥ፣ ክፍተት አለበት፤ ሕይወት ያለውን ነገር አንድ አዋቂ ንድፍ አውጪ አቅዶ ሠራው የሚል፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባል ሌላ ማብራሪያ አለ፤ ማወቅ የፈለገ መጽሐፉ ተቀምጦለታል የሚል ነው። የባዮሎጂ አስተማሪዎቹ እኛ አናነብም አሉ። ኃላፊዎች ክፍል ድረስ እየገቡ አነበቡት። አሥራ አንድ ወላጆች ከሰሱ።

ከሳሾቹ ከሃዲዎች እንዳይመስልዎት። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ነበሩባቸው። የመጀመሪያው ምስክራቸው ፕሮፌሰር ኬኔት ሚለር፣ ልጆቹ የሚማሩበትን የባዮሎጂ መጽሐፍ ከጻፉት አንዱ፣ አማኝ ካቶሊክ ነው። ዳኛው ጆን ጆንስም በፕሬዚዳንት ቡሽ የተሾሙ ሪፐብሊካን ነበሩ። ክርክሩ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ፍርዱ ሳይሰጥ ገና የዶቨር ሕዝብ ራሱ በምርጫ የቦርዱን ሰዎች አወረዳቸው። በታኅሣሥ 2005 ዳኛው 139 ገጽ ጽፈው፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ቦታ የለውም ብለው ፈረዱ። የትምህርት ወረዳው ለከሳሾቹ ጠበቆች ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። የልጆች ገንዘብ ነው እንግዲህ።

እኔን የነካኝ ግን ችሎቱ ላይ የወጣ አንድ ነገር ነው። ለአማራጭነት የቀረበው መጽሐፍ የቀድሞ ረቂቆቹ ተገኙ። በረቂቆቹ «ፍጥረት» የሚለው ቃል በየገጹ ነበር። ከ1987ቱ ፍርድ በኋላ እሱ እየወጣ «ዲዛይን» ገባበት፤ የቀረው ሐሳብ ያው ነበር። ንድፍ አውጪው ማን ነው ተብለው ሲጠየቁም፣ ማንነቱን አንናገርም ነው መልሳቸው። አባዬ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ ሌሊት ተነሥተው ስሙን ጠርተው የቀደሱትን አምላክ፣ እነሱ ክፍል ለማስገባት ብለው ስሙን ደበቁት። ይህ ለሃይማኖት መቆም ነው ብዬ መቀበል አልቻልኩም።

እሺ፣ ፍርድ ቤቱ ፈቅዶ ቢሆንስ? ፍጥረት በክፍል ይሰጥ ተባለ እንበል። የማን ትምህርት ነው የሚሰጠው? እዚህ ነገሩን የያዙት በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶች ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው 66 ነው፤ ሄኖክና ኩፋሌ የሉበትም። ብዙዎቹ ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው ይላሉ። ጄምስ አሸር የሚባሉ የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ በ17ኛው መቶ ዘመን አስልተው፣ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት 4004 ዓመት በፊት ነው ብለው ነበር፤ ከዚያ ጋር የሚሄድ ቁጥር ነው። እርስዎ 5500 ይላሉ። በመሐሉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል አለ። እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3 እያሉ ያስቆጠሩንን 22ቱን ሥነ ፍጥረት ቢጠይቋቸው ሰምተውትም አያውቁም።

ልጁ እጁን አውጥቶ «አያቴ እንዲህ አይደለም ያሉት» ቢል አስተማሪው ምን ይመልስለታል? ተሳስተዋል ነው የሚለው። ያውም በሳይንስ ሳይሆን በእግዚአብሔር ስም። ያኔ አያቱን ይያዝ ወይስ መምህሩን? አሁን ባዮሎጂ የሚያስተምረው ሰው ስለ አዳም፣ ስለ ቁርባን፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ቃል አይተነፍስም። ሕጉም አይፈቅድለትም። የልጁን እምነት ከማያውቁን ሰዎች እጅ የሚጠብቅልኝ ይኸው አጥር ነው። አጥሩን አፍርሼ ሌላ ሰባኪ ማስገባት አልፈልግም።

በኛም አገር ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። እኔ ስማር አጠገቤ የሚቀመጠው የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ ነበር። ሥነ ፍጥረቱ ከ81ዱ መጻሕፍት ይሰጥ ቢባል ኖሮ እሱ ወዴት ይሄድ ነበር? ከቁርኣን ቢሆንስ እኔ ወዴት እሄድ ነበር? እርስዎና ሐጂ በሐዘንም በደስታም ሳትለያዩ የኖራችሁት፣ አንዳችሁ የሌላውን ልጅ ወደ ራሳችሁ ለመሳብ ስላልሞከራችሁ ነው። ይህንን ከእናንተ ነው ያየሁት። እዚህም ከልቤ የምቆምለት እሱ ነው።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ትምህርት ቤት አንድ ነገር በደንብ፣ በሥዕልና በማስረጃ ይማራል። ቤት ሲመጣ ደግሞ ስለ ሃይማኖቱ የሚያስረዳው ሰው ያንሰዋል። እኔ ከሥራ ደክሜ እገባለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤቱ በሳምንት አንዴ ነው፤ አብዛኛው ጊዜም በመዝሙር ያልቃል። የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚናገረውን አክሲማሮስን እንደ እርስዎ አድርጎ የሚያስተምር ሰው በአካባቢያችን የለም። ከባዮሎጂ ክፍል ባስወጣው ይህ ጉድለት አይሞላም። ባዶው ላይ ሌላ ባዶ መጨመር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእርስዎ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚህ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ወንድሜ ስልኩን ከፍቶ ፊትዎን እያየ ያገናኛችሁ። ከእሑድ ፍጥረት ጀምረው ያስተምሩት። አማርኛው ይገባዋል፤ ግእዙን ግን እየተረጎሙለት ይሂዱ። ከክፍል የሰማውን ቢነግርዎትም አይቆጡት፤ ከተቆጡት ሁለተኛ አይጠይቅዎትም።

እንዲዘጋጁበት የመጀመሪያ ጥያቄውን ከወዲሁ ልንገርዎት። «ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቀኖች በምን ተለኩ?» ይላል። አያትህን ጠይቅ ብዬዋለሁ።

ቡራኬዎ አይለየን።

ልጅዎ