ለደንበኞቻችን፦ ሳይክላችሁን ከበር ስለመለስንበት ጉዳይ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ?

የምጽፈው ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ከመስከረም ወዲህ ብዙዎቻችሁን አስቀይሜያለሁ። ግማሹን ፊት ለፊት ነግራችሁኛል፤ ግማሹ ዞሮ ዞሮ ከቡና ቤት ደርሶኛል። "ገንዘብ አሳበዳት" ተብሏል። "የድሮ ደንበኛ ረሳች" ተብሏል። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የሚመጡ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት "አባትሽ ቢኖር እንዲህ አያደርግም ነበር" ብለውኝ ሳይክላቸውን እየገፉ ሄዱ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነስታኛለች።

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ ከመስከረም 1 ጀምሮ ባትሪው ተከፍቶ የተበየደ የኤሌክትሪክ ሳይክል አንቀበልም። የፍጥነት ገደቡንም አናነሳም፤ ልጆቹ "ሎክ ማስፈታት" የሚሉትን ማለቴ ነው። ለጥገና የገባ ሳይክል ደግሞ ፍሬኑና ጎማው ሳይፈተሽ አይወጣም። ለፍተሻው 250 ብር እናስከፍላለን። ድሮ በነጻ ነበር።

ለተጉላላችሁ ሁሉ ይቅርታ። በተለይ ከአባይ ማዶ ድረስ በፀሐይ ገፍታችሁ መጥታችሁ ለተመለሳችሁ። አስቀድሜ ማሳወቅ ነበረብኝ። ውሳኔውን ግን አልለውጥም።

እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ስላፈርኩበት ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ደንበኛ አመሻሽ ላይ ባትሪውን ከነቻርጀሩ ትቶ ሄደ። "ሞልቶ ይቆየኝ" አለ። ባትሪው ባለ 36 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ግን የባለ 48 ነበር፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ሶኬቱ ልክ ነው፣ ይገባል። ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጃችን ሰካው። እኔም አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፣ ጽሑፉን ግን አላነበብኩም።

ባለ 36 ቮልት የሊትየም ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት ላይ መቆም አለበት። የባለ 48ቱ ቻርጀር ደግሞ እስከ 54.6 ይገፋል። እንዲህ ያለው ስህተት ሲመጣ የሚቆርጥ ትንሽ ሰሌዳ ባትሪው ውስጥ አለ። ይሄኛውን ግን ሌላ ቦታ ከፍተውት ነበር። ሴል፣ ማለትም ውስጡ የተደረደሩትን ትንንሽ ባትሪዎች፣ ሲለውጡ ሰሌዳዋን ዘለው በቀጥታ በይደዋል። እኛ ይህን ያወቅነው ካበቃ በኋላ ነው።

መጀመሪያ እንደ ቀለም ማቅለጫ ያለ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ፉጨት። ከዚያ ጭስ። ልጁ በባዶ እጁ አንስቶ ደጅ ወረወረው፣ ደጅ ላይ ነደደ። እጁ ሦስት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። ዛሬም ብሎን ሲያጠብቅ አውራ ጣቱን ሲቆጥብ አየዋለሁ። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት፣ ጥቁሩ እየወዛ ይወጣል። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ቤተሰብ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ያ ነገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮስ? ለባትሪው ባለቤት ከኪሴ ሌላ ገዝቼ ሰጠሁት። ምን እንደተፈጠረም በደንብ አልነገርኩትም። ይህን ካነበብክ ይቅር በለኝ፤ ቻርጀሩን ግን ጣለው።

እንግዲህ "የተበየደ ባትሪ አልነካም" ስል ንቀት የመሰላችሁ፣ ይህን አስቡልኝ።

ፍጥነቱን በተመለከተ ከልጆቹ ጋር ያልተከራከርኩበት ቀን የለም። "እታለም፣ ገደቧን ብቻ አንሺልኝ፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ" ይሉኛል። ገደቡን ማንሳት ለእኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፍሬኑን ግን አብሬ ማሳደግ አልችልም። በእግር የሚነዳ ሳይክል በእኛ ከተማ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ሎኩ የተፈታው 45 ይደርሳል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ሦስት እጥፍ አይደለም፣ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ያውም በደረቅ አስፋልት። በአውሮፓ የኤሌክትሪክ ሳይክል ሞተር 25 ላይ ሲደርስ እገዛውን እንዲያቆም በሕግ የተወሰነው ሰው መፍጠን ስለማይወድ አይደለም።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ይህ ነው የሚያታልለን። ፍሬኑ የሞተ ሳይክል በዘንባባው ጥላ ሥር ዓመት ሙሉ በሰላም ይሄዳል፤ እግር መሬት ማስነካት ይበቃዋል። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቱ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣል። ሲወርድ ነው ጉዱ። አዲሱ የአባይ ድልድይ ከተመረቀ ከግንቦት 2016 ወዲህ ደግሞ ሰፊውን መንገድ ያዩ ልጆች ሁሉ የሚሽቀዳደሙት እሱ ላይ ነው። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ። በ45 ከገባችሁበት ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። መጨረሻው ላይ ባጃጅ ቢታጠፍስ?

ስለ አባቴ ላንሳ፣ ስሙ ከተነሳ አይቀር። አባቴ በዚህችው ቤት ሳይክል ያከራይ ነበር። መታወቂያ ያስይዛል፣ ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጽፋል። ከእናንተ መካከል የእሱን ሳይክል ይዞ ጊዮርጊስ አካባቢ የወደቀ፣ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ያለው ብዙ ነው። ሲያከራይ አንድ ነገር ሳያደርግ አይሰጥም ነበር። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሳይክሉን ወደፊት ይገፋዋል። የኋላው ጎማ ከመሬት ከተነሳ "ሂድ" ይላል። ካልተነሳ፣ ተከራዩ የፈለገውን ያህል ቢቸኩል፣ ሳይክሉ ወደ ጓዳ ይመለሳል። ጋሼ፣ እርስዎንም ቢሆን አንድ ቀን መልሶዎታል። ልጅ ሆኜ በሩ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ያን ቀን ስቀው ነበር የሄዱት።

250 ብሯ ብዙ አነጋግራለች። ከሐምሌ 22/2016 ወዲህ፣ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ማለት ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ እናንተም ገበያ ትወጣላችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ከመነዳሪ፣ ጎማ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ሁሉም በዶላር ነው የሚገባው። አንድ ዓመት ሙሉ የድሮውን ዋጋ ይዤ ተንገዳገድኩ። ኩራትም ነበረብኝ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሁለተኛው ልጅ ደሞዝ ስላነሰው ጥሎኝ ሲሄድ ነው ዓይኔ የተገለጠው።

ለ250 ብሩ ምን እንደምናደርግ ደግሞ እዩት። አንድ ሳይክል ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በተለይ ተራ ሳይክል ላይ ሞተር የገጠማችሁ፣ የእናንተ የባሰ ነው። ሞተሩ ጎማው መሐል ነው የሚቀመጠው። ለሞተሩ ኃይል በሰጣችሁት ቁጥር አክሱሉ ራሱ መዞር ይፈልጋል። የያዘው ዳዶ ከላላ የብረቱን አፍ በልቶ ይወጣል፣ ጎማው ከነሞተሩ ማለት ነው። ስለዚህ አክሱሉን ከሳይክሉ ብረት ጋር የሚያስር ማገጃ እናስገባለን፣ ዳዶውን በልኩ እናጠብቃለን። የፍሬን እጀታው እስከ መጨረሻው ሲጨበጥ መያዣውን መንካት የለበትም። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ወዲያው መቆሙንም እናያለን፤ ይህች ሽቦ ብዙ ጊዜ ተቆርጣ ነው የምናገኛት። የጎማውን ሽቦዎች በጣት እንመታለን፣ የላላው በድምፁ ይታወቃል። ነፋሱን ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ልክ እንሞላለን። አዲስ ሳይክል የገዛችሁ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ፤ የፍሬን ገመድ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ለዚያ አናስከፍልም።

ደወል የሌለውንም እንመልሳለን። ይህን ደግሞ ብዙዎች እንደ ቀልድ አይተውታል። የኤሌክትሪክ ሳይክል ድምፅ የለውም። እናቶች ከቤተክርስቲያን ሲወጡ ከኋላ መምጣታችሁን በምን ይወቁ? ነጠላ የምትለብሱ እህቶች ደግሞ ጫፉን ሳትቋጥሩ አትነሱ። የካቴናው መሸፈኛም አይውለቅ። ሰው ማፈናጠጥ ካለባችሁ ቢያንስ ዝግ በሉ፤ ፍሬኑ የሁለት ሰው ክብደት አላሰበም።

ቤት ውስጥ የእናንተ ድርሻ ይበልጣል። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከባትሪው ጋር አስተያዩ። ባትሪውን ሲሚንቶ ላይ እንጂ አልጋ ላይ አትሙሉ፣ መውጫ በር አጠገብም አይሁን። ተኝታችሁ አትሙሉት። ከመንገድ እንደገባችሁ ትኩስ ሆኖ አትሰኩት፣ ቡና እስኪፈላ ይብረድ። መብራት ሲጠፋ ንቀሉ፤ ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ ስኩ። ያበጠ፣ የወደቀ፣ ውኃ የገባበት ከሆነ ከቤት አውጡትና ደውሉልን። ሳይክሉን በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት እንጂ የመኪና እጥበት ወስዳችሁ በግፊት ውኃ አታስመቱት። ይህን ክረምት በዚህ ብቻ አራት ኮንትሮለር፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያ ማለት ነው፣ ተቃጥሎ መጥቶልናል።

በሳይክል ዕቃ እያደረሳችሁ ለምትኖሩ ልጆች ለብቻ የምለው አለኝ። እናንተን ነው በጣም የጎዳሁት፣ ይገባኛል። ለእናንተ ፍጥነት እንጀራ ነው። የፍተሻውን ብር በሁለት ጊዜ ክፈሉ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የተበየደ ባትሪ ያላችሁም አምጡት፣ አልጠግነውም እንጂ ሰሌዳው መኖር አለመኖሩን በነጻ አይቼ እነግራችኋለሁ። ከደጅ ነው የማየው፣ ወደ ውስጥ አይገባም።

እውነቱን ለመናገር ከመስከረም ወዲህ ሱቁ ጭር ብሏል። ሌላ ቦታ ሎክ የሚፈታ አለ፣ እዚያ የሄዳችሁትን አውቃለሁ። አልቀየምም። ፍሬን ለማሠራት ግን እኛ ጋ ብትመጡ ደስ ይለኛል።

የአራት ሰዎች ሳይክል አሁንም እኛ ጋ ነው። ተናደው ጥለውት የሄዱት ነው። ታጥቦ፣ ነፋስ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ የማቆያ አልጠይቅም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነን። ፖምፓው እንደ አባቴ ጊዜ ደጅ ላይ በሰንሰለት ታስሯል፣ ነፋስ አሁንም በነጻ ነው። ጋሼ፣ የእርስዎ የፊት ፍሬን ሸራ መጥቷል። አስቀምጬልዎታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሳይክል ቤታችሁ ባለቤት
ባሕር ዳር