የላይኛው መንጋጋ እብጠት ሁሉ መግል አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጥርስ ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል።

አሜሎብላስቶማ የሚባል ዕጢ አለ። መነሻው ጥርስን ከሚሠሩ ሕዋሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በታችኛው መንጋጋ ነው፤ በላይኛው ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙም አያምም። ጉንጭ በአንድ ወገን ሞላ ይላል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ አፍንጫ ይደፈናል። ታማሚው «ሳይነስ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ሲውጥ ይከርማል። እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ጥርሱ በከንቱ መነቀሉ ነው።

የላይኛው መንጋጋ አጥንት ስስ ስለሆነ ዕጢው ወደ ሳይነስ (ከአፍንጫ ጎን በአጥንቱ ውስጥ ወዳለው የአየር ክፍተት)፣ አልፎም ወደ ዓይን ጎድጓዳ ሊዘልቅ ይችላል። ይህን በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ስካን እንጂ ተራ ራጅ አይደለም። ምንነቱ የሚለየው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ፍቆ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል እንጂ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች በዙሪያው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አጥንት ጨምረው ይቆርጣሉ። በቀዶ ሕክምናው ላንቃ ከተከፈተ የሚጠጣው ሾርባ በአፍንጫ ይወጣል፤ ለዚህም ቀዳዳውን የሚደፍን ተነቃይ ሰው ሠራሽ ላንቃ ይሠራል። ዕጢው ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ከ10 ዓመት በላይ ይቀጥላል።

አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ